«አለኝ» በፈረንሳይኛ፦ አቯር የሚባለውን ግስ ከሥሩ እንየው

በአማርኛ «እህት አለችኝ» እንላለን፣ «ወንድም አለኝ» እንላለን፣ «ሦስት ልጆች አሉኝ» እንላለን። አንዴ ቆም ብላችሁ እዩት እስቲ፣ ግሱ የሚቀያየረው በእኔ አይደለም፣ ባለኝ ነገር ነው። እህት ስትሆን አለች፣ ወንድም ሲሆን አለ፣ ልጆች ሲሆኑ አሉ፣ እኔ ራሴ ያለሁት መጨረሻ ላይ ነው፣ «ኝ» ሆኜ ጭራው ላይ ተለጥፌ። ፈረንሳይኛ ይሄን ገልብጦታል። ባለቤቱ ፊት ይወጣል፣ ግሱም የሚያየው እሱን ብቻ ነው፣ ያለህ ነገር አንድ ይሁን መቶ፣ ወንድ ይሁን ሴት ግሱ ጉዳዩም አይደለም። አማርኛ ተናጋሪ አቯር ላይ የሚሳሳታቸው ነገሮች አብዛኞቹ ከዚህ የሚመጡ ናቸው ባይ ነኝ፣ ግን ሰው ስድስቱን እርባታ ሸምድዶ ሲጨርስ ይሄን ነገር ማንም አይነግረውም።

አቯር ከኤትር (መሆን ከሚለው ግስ) ጋር በፈረንሳይኛ ውስጥ በጣም ከሚደጋገሙት ግሶች አንዱ ነው። ያለሱ ዕድሜ መናገር አይቻልም፣ ራበኝ ማለት አይቻልም፣ ሐኪም ቤት ሄዶ የቱ ጋ እንዳመመህ ማስረዳት አይቻልም፣ ያለፈ ነገር ማውራትማ ጭራሽ አይታሰብም። ጅቡቲ የሚሠራም፣ ፓሪስ ወይ ብራስልስ ወይ ጄኔቭ ወይ ሞንትሪያል ወረቀቱን የሚጠብቅም፣ አዲስ አበባ አልያንስ ማታ ማታ የሚማርም፣ ሁሉም ገና ሲጀምር የሚገጥመው ይሄው ግስ ነው።

ፈረንሳይኛውን እዚህ በኛ ፊደል፣ በድምፁ ነው የምጽፈው፣ ፊደል በፊደል አጻጻፉን ከመጽሐፋችሁ ጎን ለጎን እያያችሁ ተከተሉ። በጆሮ መጻፍ ለኛ አዲስ ነገርም አይደለም፣ ለገሃር የሚለው ስም ራሱ «ላ ጋር» (ባቡር ጣቢያው) ከሚለው የተወሰደ ነው፣ የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ ስሙም እዛው ቀረ። ሁለት ነገር ብቻ ልብ በሉልኝ። አንደኛ፣ ቃል መጨረሻ ላይ «ን» ብዬ የጻፍኩት፣ አቮን፣ ዞን፣ ፋን እንደሚሉት፣ ምላስ ላንቃ ሳይነካ በአፍንጫ የሚወጣ ድምፅ ነው፣ «ን» ብላችሁ አትዝጉት፣ ክፍት አድርጋችሁ ተዉት። ሁለተኛ፣ «ቲዩ» ያልኩት በኛ ፊደል የለም፣ አፋችሁን «ኡ» ልትሉ እንደሆነ አሹሉና ሳትፈቱት «ኢ» በሉ፣ የሚወጣው እሱ ነው።

እሺ ወደ እርባታው። አለኝ ማለት «ዤ» ነው። አለህም አለሽም «ቲዩ አ»። አለው «ኢላ»፣ አላት «ኤላ»። አለን «ኑ ዛቮን»። አላችሁ፣ ወይም ለአንድ ሰው በአክብሮት አለዎት፣ «ቩ ዛቬ»። አላቸው «ኢል ዞን»፣ ሁሉም ሴቶች ከሆኑ «ኤል ዞን»። በቃ ይሄው ነው፣ የአሁን ጊዜ እርባታው አለቀ። አሁን አንድ በአንድ እንያቸው ምክንያቱም እያንዳንዷ ውስጥ የተደበቀ ነገር አለ።

«ዤ» ሁለት ቃል ነው። እኔ ማለት «ዠ» ነው፣ የአቯር የእኔ እርባታ ደግሞ «ኤ» ነው፣ ዠ አናባቢ ፊት ስትመጣ የራሷን አናባቢ ትጥልና ከኤ ጋር ትዋሃዳለች። በኛ ፊደል ነገሩ እንዴት እንደሚያምር፣ ግዕዟ ዠ ኃምስ ዤ ሆነች፣ አለቀ። በነሱ አጻጻፍ የተጣለችው ፊደል ቦታ ላይ አፖስትሮፍ ይቀመጣል። «ዠ ኤ» ብሎ ለያይቶ መናገር ስህተት ነው፣ ማዋሃዱ ምርጫ አይደለም፣ ግዴታ ነው።

«ቲዩ አ» እና «ኢላ» ውስጥ ያለው ግስ በጆሮ አንድ ነው፣ ሁለቱም «አ» ነው። የአንተኛው ላይ መጨረሻ ኤስ ይጻፋል ግን አይነበብም። ስለዚህ «አ» ብቻ ብትሉ ማን እንዳለው አይታወቅም። እኛ «አለው» ስንል «እሱ» ማለት አያስፈልገንም፣ ሁሉም ነገር እዛው ውስጥ አለ፣ ፈረንሳይኛ ግን ተውላጠ ስሙን ከጣላችሁበት ዐረፍተ ነገሩ ይፈርሳል። ስም ካለ ብቻ ነው ተውላጠ ስሙ የሚጣለው፣ «ሳራ አ ዩን ቯቲዩር»፣ ሳራ መኪና አላት።

ከዛ ድንገት «አቮን» እና «አቬ» ይመጣሉ፣ «ቭ» ከየት መጣ ትላላችሁ። ቭ ያለው ግሱ ስም ውስጥ ነው፣ አቯር። የላቲኑ «ሀቤሬ» ነው አባቱ፣ በሺህ ዓመታት ውስጥ በሰው አፍ ሲመላለስ ሀቤኦ የነበረው አልቆ አልቆ «ኤ» ብቻ ቀረ፣ ኑ እና ቩ ላይ ያሉት ግን ረዘም ያሉ ስለነበሩ ከሥሩ የሆነ ነገር ተረፈላቸው። መጨረሻቸው ላይ ያለው ኦን እና ኤ ደግሞ ሌሎች ግሶች ላይ የምታውቁት የተለመደው ነው፣ ኑ ፓርሎን (እንናገራለን)፣ ቩ ፓርሌ (ትናገራላችሁ) እንደምትሉት። ስለዚህ ሁለቱ መደበኛ ናቸው ብላችሁ ያዟቸው፣ ማስታወስ ያለባችሁ ሌሎቹን ነው።

«ኢል ዞን» ላይ ቆም እንበል፣ እዚህ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው። ግሱ «ኦን» ነው፣ ዝ የመጣችው ከኢል ነው፣ የብዙው ኢል መጨረሻ ላይ የማትነበብ ኤስ አለች፣ ቀጥሎ አናባቢ ሲመጣ ትነቃና ዝ ሆና ትሰማለች። ሊዬዞን ይሉታል፣ ኑ ዛቮን እና ቩ ዛቬ ላይ ያለችውም ዝ እሷው ነች። ችግሩ ምንድነው፣ ኤትር የሚለው ግስ ሲረባ ደግሞ «ኢል ሶን» ይመጣል፣ ናቸው ማለት ነው። ስለዚህ በዝ እና በስ መካከል ያለችው ልዩነት በአላቸው እና በናቸው መካከል ያለች ልዩነት ነች። «ኢል ዞን ዩን ሜዞን» ቤት አላቸው፣ «ኢል ሶን አ ላ ሜዞን» ቤት ናቸው። ዟን ካላጠራችኋት ሰሚው ሌላ ነገር ነው የሚሰማው፣ ስለዚህ አታፍሩ፣ ዝዝዝ አድርጋችሁ ተናገሯት። በነገራችን ላይ በአሁን ጊዜ እርባታ ላይ በእነሱ ሲረቡ በኦን የሚያልቁት ግሶች አራት ብቻ ናቸው፣ ኦን (አላቸው)፣ ሶን (ናቸው)፣ ቮን (ይሄዳሉ)፣ ፎን (ያደርጋሉ)፣ አንድ ላይ ያዟቸው፣ ከነዚሁ ከተሠሩ ግሶች በቀር ሌላ አይጨመርም።

አክብሮት ላይ ደግሞ የኛ ሰው ጨዋነቱ ስህተት ውስጥ ይከተዋል። ፊት ለፊት ለሚያናግሩት ሰው ቩ ልክ እንደ እርስዎ ነው፣ ቢሮ፣ ሐኪም ቤት፣ የማታውቁት ሰው፣ ከናንተ የሚበልጥ ሰው፣ ሁሉም ቩ ናቸው፣ አንድ ሰውም ይሁን ብዙ ሰው «ቩ ዛቬ» ነው። ስለ ሌላ ሰው ሲወራ ግን ፈረንሳይኛ አንቱታ የለውም። እኛ «አያቴ አምስት ልጆች አሏቸው» ስንል አሏቸው ያልነው አክብረን ነው፣ ይሄን ቃል በቃል ወስዶ «ኢል ዞን» ወይም «ኤል ዞን» የሚል አለ፣ ሰሚው ግን ብዙ ሰዎች ይመስሉታል። አያት አንዲት ሴት ከሆኑ «ኤላ» ነው፣ ንቀት የለበትም፣ ቋንቋው ሌላ አማራጭ ስለሌለው ነው። ሌላ ደግሞ፣ ሴቶች መሃል አንድ ወንድ ከገባ «ኤል ዞን» ቀርቶ «ኢል ዞን» ይሆናል፣ ለኛ ይሄ ልዩነት የለም፣ አላቸው ለሁሉም ይሠራል። አለህ እና አለሽ ላይ ደግሞ በተቃራኒው ነው፣ እኛ እንለያለን፣ እነሱ ሁለቱንም «ቲዩ አ» ብለው ያልፋሉ።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። «ኝ»ን ያዙልኝ። በአማርኛ ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ፣ ሞቀኝ፣ አመመኝ፣ አማረኝ፣ ያስፈልገኛል ስንል እኔ አድራጊ አይደለሁም፣ ነገሩ ነው እኔ ላይ የሚደርሰው፣ እኔ እንደ «አለኝ» ኋላ ላይ ኝ ሆኜ ነው ያለሁት። እነዚህ ሁሉ ወደ ፈረንሳይኛ ሲሄዱ ኝዋ ከኋላ ተነስታ ፊት ትወጣና ዤ ትሆናለች፣ ስሜቱ ደግሞ ያለኝ ነገር ይሆናል። ራበኝ «ዤ ፋን»፣ ረሃብ አለኝ እንደማለት ነው። ጠማኝ «ዤ ሷፍ»፣ በረደኝ «ዤ ፍሯ»፣ ሞቀኝ «ዤ ሾ»። ቡና አማረኝ «ዤ አንቪ ደን ካፌ»። ገንዘብ ያስፈልገኛል «ዤ በዝዋን ዳርዣን»። ራበህ ከሆነ «ቲዩ አ ፋን»፣ ራባት «ኤላ ፋን»፣ ራበን «ኑ ዛቮን ፋን»፣ ራባቸው «ኢል ዞን ፋን»። ጭራው ላይ ያለውን እዩ፣ ፊት አምጡት፣ በቃ፣ ከአሥር ዐረፍተ ነገር በላይ ሳትሸመድዱ በራሳችሁ መገንባት ትችላላችሁ። ይሄን ካያችሁ በኋላ አማርኛ ማወቃችሁ ይጠቅማችኋል እንጂ አይጎዳችሁም፣ የእንግሊዝኛውን መንገድ ይዞ የመጣ ተማሪ ነው «ዠ ስዊ ፋን» የሚለው፣ ረሃብ ነኝ እንደማለት፣ እኛ ግን «ረሃብ ነኝ» በአማርኛም አይጥመንም።

በዚህ ምድብ ኝ የሌላቸውም አሉ፣ እነሱን መያዝ ነው። ፈራሁ «ዤ ፐር»፣ አፈርኩ «ዤ ኦንት»፣ እንቅልፌ መጣ «ዤ ሶሜይ»፣ ልክ ነህ «ቲዩ አ ሬዞን»፣ ተሳስተሃል «ቲዩ አ ቶር»። ሁሉም ላይ ሁለት ሕግ አለ። ስሙ ፊት አን፣ ዩን («አንድ» እንደማለት)፣ ለ፣ ላ (ልክ «ቤቱ» ላይ እንዳለችው «ኡ») የሚባሉት አይገቡም፣ ደረቁን ነው የሚቀመጠው። እና ተናጋሪው ሴትም ሆነች ወንድ ቃሉ አይለወጥም፣ ሴት ስለሆንሽ «ዤ ፍሯድ» አትይም፣ ምክንያቱም ብርዱ እንጂ አንቺ አይደለሽም የተጠራሽው። በጣም ማለት ከፈለጋችሁ «ትሬ» ጨምሩ፣ «ዤ ትሬ ፋን»፣ በጣም ራበኝ።

ብርድ ላይ ሦስት መንገድ አለ እና መለየት አለበት። ሰው ሲበርደው አቯር፣ «ዤ ፍሯ»። አየሩ ሲበርድ ፌር የሚባለው ግስ፣ «ኢል ፌ ፍሯ»። ነገር ሲቀዘቅዝ ኤትር፣ «ለ ካፌ ኤ ፍሯ»፣ ቡናው ቀዝቅዟል። በተለይ ሙቀት ላይ ተጠንቀቁ፣ «ዠ ስዊ ሾ» ብትሉ ሞቀኝ አላላችሁም፣ በወጣቶች ቋንቋ ዝግጁ ነኝ ማለት ነው፣ እንደ ሁኔታውም ስሜቴ ተቀስቅሷል የሚል ትርጉም ይይዛል፣ በተለይ በሴት «ሾድ» ሲባል። ሥራ ቦታ ላይ ሞቆህ ይሄን ማለት የማይሆን ነገር ነው።

ሐኪም ቤት የሚሄድ ሰው ደግሞ ይሄን በደንብ ይያዝ። ሐኪሙ የሚጠይቀው «ኡ አቬ ቩ ማል?» ነው፣ የት ጋ ነው የሚያምዎት። መልሱ «ዤ ማል» ብሎ ቦታውን መጨመር ነው። ራሴን «ዤ ማል አ ላ ቴት»፣ ሆዴን «ዤ ማል ኦ ቫንትር»፣ ጀርባዬን «ዤ ማል ኦ ዶ»፣ ጥርሴን «ዤ ማል ኦ ዳን»። እዩት፣ እኛ ሆዴን፣ ጥርሴን እያልን የእኔ መሆኑን እንናገራለን፣ እነሱ አይሉም፣ ዤ ካልክ ሆዱ ያንተው መሆኑ ታውቋል፣ ስለዚህ ሆዱ በቃ «ሆዱ» ነው የሚባለው፣ ሞን ቫንትር (ሆዴ) አይደለም። የአካሉ ስም ከጠፋባችሁ ጣታችሁን አሳርፋችሁ «ዤ ማል ኢሲ» በሉ፣ እዚህ ጋ ያመኛል፣ ይበቃል። ትኩሳት አለኝ «ዤ ደ ላ ፊየቭር» ነው። ከጀመረ ሦስት ቀን ከሆነው «ዤ ማል ደፒዊ ትሯ ዡር»፣ እና ልብ በሉ፣ ሕመሙ ሦስት ቀን ቢሆነውም አሁንም ስላለ ግሱ የአሁን ጊዜ ነው፣ ያለፈ አታድርጉት፣ ካደረጋችሁት ተሽሎኛል ማለት ይመስላል፣ ሐኪም ፊት ደግሞ ይሄ ቀላል ስህተት አይደለም።

ዕድሜ ላይ አማርኛችን ራሱ ያሳስተናል። «30 ዓመቴ ነው» እንላለን፣ ነው ስላልን እጃችን ወደ ኤትር ይሄዳል። ፈረንሳይኛ ዕድሜንም እንደ ንብረት ነው የሚያየው፣ 30 ዓመት አለኝ፣ «ዤ ትራንታን»። መጨረሻ ላይ ያለችው «አን» ዓመት ማለት ነች፣ አትጣልም፣ «ዤ ትራንት» ብላችሁ ካቆማችሁ ሰላሳ ምን እንዳላችሁ አይታወቅም። ልጄ 2 ዓመቷ ነው ካላችሁ «ኤላ ደ ዛን»፣ ሊዬዞኗ እዚህም አለች። 9 ዓመት ላይ ደግሞ ነፍ የሚለው ቁጥር ወደ ነቭ ይዞራል፣ «ነ ቫን» ይባላል፣ ይሄ ከዓመት እና ከሰዓት ጋር የሚታይ ነገር ነው። ጥያቄው በአክብሮት «ኬል አዥ አቬ ቩ?»፣ ለልጅ ወይ ለጓደኛ «ቲዩ አ ኬል አዥ?»።

የለኝም ላይ እንለፍ። ፈረንሳይኛ ግሱን ከፊትና ከኋላ ያቅፈዋል፣ ፊቱ «ነ»፣ ኋላው «ፓ»። እንግሊዝኛ ብቻ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ ነው ይሄ፣ ለኛ ግን አልበላም፣ አልሄድም ስንል አል ከፊት ም ከኋላ እያደረግን ያደግንበት ነው። «ዠ ኔ ፓ»፣ «ቲዩ ና ፓ»፣ «ኢል ና ፓ»፣ «ኑ ናቮን ፓ»፣ «ቩ ናቬ ፓ»፣ «ኢል ኖን ፓ»። ነ አናባቢ ፊት ስለወደቀች የራሷን ጥላ ከግሱ ጋር ተጣብቃለች፣ ዝዋ ደግሞ መሃል ነ ስለገባ ጠፍታለች። ከዚህ በላይ የሚያስቸግረው ቀጥሎ የሚመጣው ነው። «ዤ ዩን ቯቲዩር» መኪና አለኝ፣ «ዠ ኔ ፓ ደ ቯቲዩር» መኪና የለኝም። ዩን ወደ ደ ተቀየረች። አን፣ ዩን፣ ዴ (የነሱ ብዙ)፣ ዲዩ፣ ደ ላ (እንደ ስኳር ላለ የማይቆጠር ነገር) የሚባሉት ሁሉ የለኝም ሲባል ወደ ደ ይወርዳሉ፣ አናባቢ ፊት ደግሞ ድ ብቻ ትቀራለች፣ «ዠ ኔ ፓ ዳንፋን» ልጆች የሉኝም፣ «ዠ ኔ ፓ ዳርዣን» ገንዘብ የለኝም። ለ እና ላ ግን አይነኩም ምክንያቱም የታወቀ ነገር ነው የሚጠቁሙት፣ «ዠ ኔ ፓ ላ ክሌ»፣ ቁልፉ እኔ ጋ የለም። እኛም «ቁልፍ የለኝም» እና «ቁልፉ የለኝም» ስንል የምናስበው ልዩነት ይሄው ነው።

መንገድ ላይ ስትሰሙ ግን ነ የለችም። ሰው ሲያወራ «ዤ ፓ ለ ታን» ነው የሚለው፣ ጊዜ የለኝም፣ «ቲዩ አ» የሚለውም «ታ» ብቻ ይሆናል፣ «ታ ፓ ፋን?»፣ አልራበህም? «ኑ ዛቮን» ራሱ በንግግር ብዙም አይሰማም፣ በሱ ፈንታ «ኦን ና» ነው የሚባለው፣ ኦን የሚባለው ተውላጠ ስም እኛ በሚል ትርጉም ግሱን ግን እንደ እሱ፣ እንደ ነጠላ ያረባል። «ኦን ና ፋን» ራበን። መጽሐፍ ላይ ብቻ የተማረ ሰው ፓሪስ ሲገባ ምንም አልሰማም የሚለው በዚህ ምክንያት ነው፣ ቃሉን ያውቀዋል፣ ያሳጠሩበትን መንገድ ነው ያላወቀው። እናንተ ስትናገሩ ሙሉውን ብትሉ ማንም አይቀየማችሁም፣ ፈተና ላይና ደብዳቤ ላይማ ሙሉው ግዴታ ነው፣ ጆሯችሁን ግን ለአጭሩ አለማምዱት።

«አለ» የምትለዋ ቃላችን ሦስት ሥራ እንደምትሠራ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ሱቅ ገብታችሁ «ስኳር አለ?» ስትሉ መኖሩን ነው የምትጠይቁት። «ሳራ አለች?» ስትሉ እዛ ቦታ መገኘቷን ነው። «ስኳር አለህ?» ስትሉ ንብረትን ነው። ፈረንሳይኛ ለሦስቱ ሦስት የተለያየ ነገር አለው። መኖር ሲሆን «ኢሊያ»፣ «ኢሊያ ዲዩ ስዩክር?»። ሰው ቦታው ላይ መኖሩ ሲሆን ኤትር፣ «ሳራ ኤ ላ?»። ንብረት ሲሆን ተራው አቯር፣ «ቲዩ አ ዲዩ ስዩክር?»። ኢሊያ ውስጥ ያለው ግስ አቯር ራሱ ነው፣ ግን ንቅንቅ አይልም፣ አንድ ታክሲ «ኢሊያ አን ታክሲ»፣ አሥር ታክሲ «ኢሊያ ዲ ታክሲ» (ዲ አሥር ማለት ነው)። አለ፣ አለች፣ አሉ እያሉ መቀየር የለም። የለም ሲባል «ኢል ኒያ ፓ ደ»፣ በንግግር ደግሞ «ያ ፓ ደ» ብቻ፣ «ያ ፓ ደ ፕሮብሌም» ችግር የለም። ኢሊያ ጊዜም ይናገራል፣ «ኢሊያ ደ ዛን» ማለት ከ2 ዓመት በፊት ማለት ነው፣ መቼ እንደመጣችሁ ለሚጠይቃችሁ ቢሮ «ዠ ስዊ ዛሪቬ ኢሊያ ደ ዛን» ትላላችሁ።

የኝዋ ሕግ የማትሠራበትም ቦታ አለ፣ ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ደከመኝ በአቯር አይሄድም፣ «ዠ ስዊ ፋቲጌ» ነው፣ ነኝ ነው የሚባለው። ደስ አለኝም እንደዛው፣ «ዠ ስዊ ኮንታን»፣ ሴት ከሆነች «ኮንታንት»። መሄድ አለብኝ ውስጥ አለ ስላለች ብላችሁ አቯርን አትፈልጉ፣ «ዠ ድዋ ፓርቲር» በሚል ሌላ ግስ ነው። ናፈቅሽኝ ደግሞ ደስ የሚል ነገር ነው፣ «ቲዩ መ ማንክ» ይባላል፣ አንቺ ፊት፣ እኔ መሃል፣ ልክ እንደ አማርኛው ናፋቂው ሳይሆን የተናፈቀው ነው ባለቤቱ። የእንግሊዝኛውን መንገድ የለመደ ተማሪ ይሄ ላይ ግራ ሲገባው እኛ ቀጥታ እንገባበታለን፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ምንም አትገልብጡ።

ጥያቄ ሦስት ዓይነት ነው፣ ብዙ አያስቸግርም። ድምፅን ከፍ አድርጎ መጨረስ፣ «ቩ ዛቬ አን ራንዴቩ?»፣ ቀጠሮ አለዎት? ወይ ከፊት «ኤስ ከ» መጨመር፣ «ኤስ ከ ቩ ዛቬ አን ራንዴቩ?»። ወይ ገልብጦ «አቬ ቩ አን ራንዴቩ?»፣ ይሄኛው ጨዋ ያለና የቢሮ ቃና አለው። በእሱና በእሷ ሲገለበጥ መሃል ቲ ትገባለች፣ «አቲል»፣ «አቴል»፣ ሁለት አናባቢ እንዳይጋጭ ብቻ ነው፣ ትርጉም የላትም።

አቯርን በደንብ ከያዛችሁ ሌላ በር ይከፈታል። ያለፈውን ጊዜ የሚሠራው እሱ ነው፣ «ዤ ማንዤ» በልቻለሁ፣ «ኑ ዛቮን ፊኒ» ጨርሰናል፣ የዛሬው እርባታ እንዳለ ከነሊዬዞኑ ነው የሚመጣው። አማርኛም እኮ በልቻለሁ ሲል በልቼ እና አለሁ ነው የተጣመሩት፣ አለን እንደ ረዳት መጠቀም የኛም ጠባይ ነው። እዚህም ኝዋ ፊት ትወጣለች፣ ገባኝ «ዤ ኮምፕሪ» ነው፣ ፓስፖርቴ ጠፋብኝ «ዤ ፔርዲዩ ሞን ፓስፖር» ነው፣ እኛ ፓስፖርቱ ራሱ እንደጠፋ ነው የምናወራው፣ እነሱ እኔ እንደጣልኩት። መሄድ፣ መምጣት፣ መድረስ፣ መወለድ፣ መሞት የመሳሰሉት ግን ኤትርን ነው የሚይዙት፣ «ዠ ስዊ ዛሌ»፣ ሄድኩ፣ ያ የራሱ ሰፊ ርዕስ ነው። የወደፊቱ ጊዜ ጭራዎችም የአቯር ናቸው። «ዠ ፓርለሬ» ውስጥ መጨረሻ ላይ ያለችው ኤ የዤ ኤ ነች፣ «ቲዩ ፓርለራ» ላይ ያለችው አ የቲዩ አ ነች፣ «ኢል ፓርለሮን» ላይ ያለው ኦን የኢል ዞን ነው፣ ድሮ ለብቻው ይነገር የነበረው አቯር ከግሱ ጋር ተጣብቆ ነው የቀረው፣ ስለዚህ ወደፊቱን ስትማሩ አዲስ ነገር ብዙም አይኖርባችሁም።

የቀረው አጻጻፍ ነው። አቯር ሲረባ የሚመጣው «አ» ምልክት የለውም፣ «ወደ፣ በ፣ ላይ» የሚለው «አ» ግን ከላዩ ጭረት አለበት፣ በጆሮ አንድ ናቸው። «ኢላ አን ራንዴቩ አ ፓሪ»፣ ፓሪስ ቀጠሮ አለው፣ ኢላ ውስጥ ያለው ያለ ጭረት፣ ከፓሪ ፊት ያለው በጭረት። ስትጠራጠሩ «አ»ን አንሱና «አቬ»ን (ነበረው የሚለውን) ቦታው ላይ አስገቡ፣ ዐረፍተ ነገሩ ከቆመ ግስ ነው፣ ጭረት አታድርጉ፣ ካልቆመ ጭረቱን አድርጉ። ኦን የሚለው ተውላጠ ስምና ኢል ዞን ውስጥ ያለው ግስም በጆሮ አንድ ሆነው በአጻጻፍ ይለያያሉ፣ ግሱ መጨረሻ ላይ ቲ አለችው፣ እሱንም በአቬ ፈትኑት። «ኦን ና ፋን» እና «ኦን ና ፓ ፋን» ላይ ደግሞ ጆሮ ምንም አይረዳም፣ የመጀመሪያው ላይ የምትሰማው ን የሊዬዞን ነች፣ ሁለተኛው ላይ ግን የነ ን አብራት ተደብቃለች፣ ፈረንሳዮቹ ራሳቸው ሲጽፉ የሚረሷት እሷን ነው። ፓ ካያችሁ ወደኋላ ተመልሳችሁ ን እና አፖስትሮፏ መጻፋቸውን እዩ።